የቀይ አፋፍ እርጥበት

ቀይ አፋፍ ውስጥ ውሃ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ እጁን ያሳያል። ጣቢያው ደጃፍ ላይ የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው መስታወት አለ። እጅ ሲዘረጋበት ሰማያዊ ብርሃን ከሥሩ ያልፋል፤ ጥፍር ውስጥ የቅጠል ጭማቂ ወይም የገደሉ ቀይ አፈር ካልተገኘ ቧንቧው የዕለቱን ድርሻ ወደ ጀሪካኑ ይለቃል። ከተገኘ ግን ከመስታወቱ በላይ ያለችው ድምፅ «ለዛሬ ይቅርታ ያድርጉልን» ትላለች። የድምፁ ባለቤት ማን እንደነበረች የሚያውቅ የለም፤ መንደሩ «እትዬ ይቅርታ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ልጆች ዕቃቃ ሲጫወቱ ሁሉም እሷን መሆን ይፈልጋል፤ መከልከል ደስ ስለሚል።

ከመንደሩ ወደ ገደሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ነጫጭ ችካሎች ተተክለዋል። ከችካሎቹ ወዲያ ያለው ዱር ይባላል። ሰው ማለፍ አይከለከልም፤ የሚያልፈው ግን እጁን ከጀርባው አጣምሮ ነው። ዕቃ ይዞ ማለፍ ፈጽሞ የለም፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ ብትሆን ችካሉ ይጮኻል። ፍየሎች አፋቸው ላይ የመረብ ከረጢት ታስሮ ይሻገራሉ፣ ከረጢቱ ታስሮ ይመለሳሉ፤ የሚበሉት ቤት ውስጥ፣ ከመኪና የሚወርድላቸውን ደረቅ እንክብል ነው። ሕፃን ቆሞ መሄድ ሲጀምር እናቱ መጀመሪያ የምታስለምደው እጁን ወደ ኋላ ማጣመር ነው። ሙሽሮች ለፎቶ ሲቆሙ እንኳ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለአበባ ነው። የሕያው መሬት ጽሕፈት ቤት ከእያንዳንዱ ደረቅ ቀበሌ በየበጋው አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የሰው እጅ ሳይነካት፣ በራሷ ጊዜ፣ ከድንጋይ ውስጥ ያበበች የዱር አበባ። አንዲት ብትሆንም ትበቃለች። ታየች፣ ተመዘገበች፣ መሬቱ በሕይወት አለ፣ ቧንቧው ለከርሞ ይቀጥላል። ክረምት እስኪገባ ካልታየች መሬቱ ሞቷል፤ በሞተ መሬት ላይ ደግሞ ሰው አይኖርም።

ባለፈው ዓመት ጎረቤት መንደራቸው ሾላ በር «ሞተ» ተባለ። ሰዎቹ በአንድ ጧት ተጭነው ወደ ቆላ ግንቦች ተወሰዱ። ግንቦቹ ውስጥ ውሃ አለ፣ መብራት አለ፣ ሥራ አለ። መሥራት የሚችሉት በአንዱ ግንብ ይኖራሉ፤ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው በሌላው። በሁለቱ ግንቦች መካከል ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ የነገራቸው የለም። ከሾላ በር ወጣቶች አልፎ አልፎ የሚደውል ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ ግን አንድም ደውሎ አያውቅም።

የአንጓች እናት ትርንጎ ስልሳን ካለፈች ቆይታለች። ሌላው ሰው ስለ መንደሩ ሲጨነቅ አንጓች የምትጨነቀው ስለዚህች አንዲት ሴት ነበር፤ ለማንም ግን ይህን ብላ አታውቅም። የአንጓች ሥራ ለመንደሩ አበባ ፈልጎ ማየት ነው። ግንባሯ ላይ የምታስረው ዓይን የጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ከእሱ በታች ያሉት ሁለቱ የራሷ ናቸው፣ የምትተማመነውም በእነሱ ነው። ከእሷ በፊት የነበረው ተመልካች ቀይ የጠርሙስ ክዳን «አበባ አየሁ» ብሎ ልኮ መንደሩን አንድ ሳምንት በጥም ያስቀጣ ሰው ነበር። አንጓች ሥራውን ስትረከብ «ከእሱ የባሰ ልሠራ ብል እንኳ አልችልም» ብላ ነበር፤ ሰውየው አጠገቧ ቆሞ።

ዘንድሮ ግን ገደሉ ዝም አለ። እሬቱ ተሸብሽቦ ወደ ድንጋዩ ተጣበቀ። የጅብ ሽንኩርት ከመሬት አንገቱን አላወጣም። አንጓች በየማለዳው እጇን አጣምራ ከስንጥቅ ስንጥቅ ትዞራለች፤ ሲመሽ ዓይኑ ይጠይቃታል።

«ምልከታዎን ይናገሩ።»

«ድንጋይ።»

«እባክዎ ዝርያውን ይግለጹ።»

«ቀይ ድንጋይ። ትናንትም እዚሁ ነበር።»

«አበባ አልታየም ተብሎ ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።»

እንዳሁላ የምትባለዋን ተክል ያገኘቻት ተስፋ ቆርጣ፣ ከፀሐይ ለመሸሽ ብቻ አንድ የተንጠለጠለ አለት ሥር በተጠጋችበት ቀን ነው። ስንጥቁ ውስጥ ወፍራም ወፍራም ቅጠሎች አየች፤ ከመካከላቸው አንድ ቀጭን አገዳ ወጥቷል፤ አገዳው ጫፍ ላይ የተጨበጡ እምቡጦች አሉ። አንጓች የግንባሯን ዓይን በሻሿ ሸፈነችው። እምቡጥ አይመዘገብም፤ ደግሞም ጽሕፈት ቤቱ እምቡጥ መኖሩን ካወቀ የሚበር ነገር ይልክና በነፋሱ ያረግፋታል። ቆይታ እስክትፈነዳ መጠበቅ ነው።

ማታ ለእናቷ ብቻ ነገረቻት።

«እማ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ለማን እላለሁ። ጥርስ የለኝ፣ ወሬ በምን አኝካለሁ» አለች ትርንጎ።

በሳምንቱ መንደሩ ፊቱ ተለወጠ። ሴቶች አንጓችን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ ፈገግታቸውን እንደ ሰረቁት ዕቃ ይደብቁታል። ጎረቤቷ ይመኙሽ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስትጣላትና ስትታረቃት የኖረች እኩያዋ፣ ያለ ምክንያት ፀጉሯን ልትሠራላት ጠየቀቻት። የፍየሎቹ ጌታ አያ ፈንታው ችካሉ አጠገብ አገኛትና ጎሮሮውን ጠረገ።

«አንጓቼ፣ ድንጋይሽ እንዴት አደረ?»

«ድንጋይ ሆኖ አደረ፣ አያ።»

«እሱማ ነው። ምን ሊሆን ኖሯል» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

አንጓች ነገሩ ገባት፤ ለእናቷ የተነገረ ምስጢር ጥርስ አያስፈልገውም። ተናደደች፤ ግን ማወቃቸው ምን ይጎዳል ብላ ተወችው። እጃቸው ይፈተሻል፣ ዕቃ አያሳልፉም። ዓይን ደግሞ አበባ አይገድልም።

ከዚያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። በማግስቱ ሁለተኛው። ቅጠሎቹ ወፍራምነታቸው ሳይቀንስ ልክ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፉ ጀመር። አንጓች በሆዷ ተጋድማ፣ እጇን ከጀርባዋ አጣምራ ስታያቸው ዋለች። ጥም ነው አለች። ጉሮሮዋ ውስጥ የተረፈች ምራቅ ነበረች፤ ምላሷ ጫፍ ድረስ አምጥታ ዋጠቻት። አንዲት ጠብታ ብትጥል ማንም አያያትም ነበር። ግን የራሷ ሁለት ዓይኖች ያዩአታል፤ አንጓች ደግሞ በገዛ ዓይኗ መያዝ የምትችል ሴት አልነበረችም። ተነሥታ ሄደች፤ መንገድ ላይ ሁሉ ካልወረድኩ ከሚል እንባዋ ጋር እየተሟገተች፤ እንባም ውሃ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚተካው የለም።

በሦስተኛው ቀን ሽታው መጣ። አንጓች ይህን ሽታ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት፤ እርጥብ እንጨት፣ የተረሳ ጨርቅ፣ የበሰበሰ ነገር። ላብ ከቆዳ ሳይወርድ በሚደርቅበት አገር ስንጥቁ ውስጥ ያለው አፈር ጠቁሯል፣ ያብረቀርቃል። እንዳሁላዋ አልተጠማችም። እየሰመጠች ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሄዳ ከአለቱ ጀርባ ተቀመጠች። ሰማዩ ግራጫ ሲሆን የእግር ድምፅ ሰማች። እናቷ ነበረች። ትርንጎ እጇን ከጀርባዋ አጣምራ፣ እንቅፋት እየፈራች፣ ቀስ ብላ ትመጣለች። ሁለት ጉንጮቿ አብጠዋል።

አንጓች ከአለቱ ጀርባ ወጣች። «እማ። እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ትርንጎ ቆመች።

«አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው?»

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች፤ ምንም አይደለም ለማለት።

«ዋጪው።»

ትርንጎ እንዳሁላዋን አየች፣ ልጇን አየች። እንደገና ራሷን ነቀነቀች።

«ዋጪው አልኩሽ፣ እማ።»

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች። ጉሮሮዋ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ በር ይመስል ተንቋቋ። ከዚያ በትዝብት «ባከነ» አለች። «አሁን ይሄ ባከነ።»

«እናቴ ውሃ ስትጠጣ ነው የባከነው?»

«እኔማ ማታ ጠጥቻለሁ። እሷ ናት ያልጠጣችው።»

«ተክል ናት።»

«ብትሆንስ። ሲጠማት እያየሁ ፊቷ ቆሜ ልጠጣ? አንድ ጉርሻ ነው የሰጠሁ። ጉርሻ ማንን ገደለ?»

«እሷን ነዋ። እንዳሁላ ውሃዋን በቅጠሏ ይዛ ነው የምትኖር፣ የሰው ውሃ አትፈልግም። ሥሯ በስብሷል። አሽትቺ እስቲ።»

ትርንጎ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ። «በእኔ በአንድ ጉንጭ ብቻ?» አለች።

አንጓች ልትመልስ አፏን ስትከፍት ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማች። አያ ፈንታው ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ እጁ ከኋላ፣ ጉንጮቹ እንደ ጥሩንባ ነፊ ተወጥረዋል። አያቸው። ዋጠ፤ ትን ብሎት ሳል አጣደፈው።

«ፍየል ጠፍታኝ ነው» አለ ሳሉ ሲለቀው።

«በአፍህ ነው የምትፈልጋት፣ አያ?»

ከኋላው ይመኙሽ መጣች። ከይመኙሽ ኋላ አማቷ። ከአማቷ ኋላ ሌሎች፤ በቀጭኑ መንገድ ላይ አንድ በአንድ፣ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ዝም ብለው። እያንዳንዳቸው ስለ እንዳሁላዋ ለብቻቸው በጆሯቸው ተነግሯቸው ነበር፤ እያንዳንዳቸውም ከድርሻቸው አንድ ጉንጭ ቀንሰው የሚሰጡት እነሱ ብቻ መስሏቸው ነበር። ሰዓታቸውም የተለያየ ስለነበር ተገናኝተው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ሌሊቱ ሞቆ ስላደረ ሁሉም ከመሞቁ በፊት ልድረስ ብለው ተጣድፈዋል። እርስ በርስ ሳይተያዩ ቆሙ፤ አንድ ቤት ሊሰርቁ በአንድ በር እንደተገናኙ ሌቦች።

«መንደር ሙሉ ተሰብስባችሁ» አለች አንጓች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «አንዲት አበባ አሰመጣችሁ። ዝናብ አምጡ ብትባሉ አታመጡም። ጎርፍ ግን አወቃችሁበት።»

«በዚህ በጋ ሰምጦ የሚሞት ከተገኘ እሷ የመጀመሪያዋ ናት» አለ አያ ፈንታው። ማንም አልሳቀም። እሱም አልሳቀም።

ይመኙሽ አሁንም አልዋጠችም ነበር። የት ታድርገው። ዞር ብላ አማቷን አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ላይ ተፋችውና ጨርቁን ጨምቃ ለአሮጊቷ ከንፈር አቀረበች። አሮጊቷ መጠጠች። ሁሉም ሌላ ሌላ ቦታ አዩ።

ሊሞት የቀረበ ተክል ይቸኩላል። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሥሯ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ፣ እንዳሁላዋ ከእምቡጦቿ አንዱን ከፈተች፤ ብርቱካን መልክ ያላት፣ አራት ጠባብ ቅጠል ያወጣች አበባ። አንጓች በደረቷ ተኛች፣ እጇን ከጀርባዋ አጣመረች፣ እንደ ሰጋጅ ግንባሯን ወደ ድንጋዩ አቀረበች። ዓይኑ በራ።

«ምልከታዎን ይናገሩ።»

«እንዳሁላ። አንዲት። ያበበች።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠና ተናደደችበት።

«ተመዝግቧል። ቀይ አፋፍ በሕይወት አለ። እናመሰግናለን።»

ከሰዓት በኋላ ድረስ መንደሩ ደስታውን የሚያስቀምጥበት አጣ። ሴቶች እልል አሉ፤ ይመኙሽ መጥታ የአንጓችን ፀጉር በግድ ፈታችው። ትርንጎ ደጃፍ ተቀምጣ ለሚያልፈው ሁሉ «ጉርሻ ማንን ገደለ» ትል ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኑ ያለ ጥያቄ ተናገረ፤ «በምልከታዎ ዙሪያ ያልተለመደ እርጥበት ታይቷል። አጣሪ ይመጣል። ቦታውን እንዳለ ይተዉት።»

አጣሪው ሲደርስ እንዳሁላዋ ወድቃ ነበር። ናሆም የሚባል፣ ጢሙን በጥንቃቄ ያስተካከለ ወጣት ነው። ከተሽከርካሪው ወርዶ ወደ ገደሉ ሲሄድ እጁን ወደ ኋላ አላጣመረም፤ የመንደሩ ልጆች ይህን አይተው እርስ በርስ ተያዩ።

«ተመልካቿ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። አንተ ደግሞ አጣሪው።»

ናሆም «አንተ» መባሉን እንዳልሰማ አለፈው። ቀጭን መርፌ አውጥቶ ወደ ስንጥቁ ሰደደና እጁ ላይ ያለውን ሰሌዳ አነበበ። ደጋግሞ አነበበ።

«እዚህ ዝናብ ከጣለ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?»

«ሰማይ ላይ ዓይን ያላችሁ እናንተ፣ የምትጠይቁት እኔን።»

«ለመዝገቡ ነው።»

«ለመዝገቡ ረስቼዋለሁ።»

ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «ስሚኝ» አለ፣ ትሕትናውን ከተሽከርካሪው ጋር ጥሎት የመጣ ይመስል። «መርፌው ውሃ አለ ይላል። ውስጡ ምራቅ አለበትም ይላል። ፍየል ሊሆን ይችላል።»

«ፍየሎቻችን አፋቸው ታስሯል።»

«ገብቶኛል። እኔ የምጽፍበት ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለኝ። አንዱ 'የተነካ' ይላል። የሰው ውሃ ከሆነ አበባዋ የዱር አይደለችም፣ ምልከታው ይሰረዛል፣ መሬቱ ሞቷል፤ ወደ ግንብ ትሄዳላችሁ። ሌላው 'ራሱን የቻለ' ይላል። ከድንጋዩ የሚወጣ ምንጭ ካለ አበባዋም የዱር ናት፣ መሬቱም የእናንተ ነው። ግን የራሱ ውሃ ላለው ቀበሌ ቧንቧ አይዘረጋም። ይዘጋል።»

«ሦስተኛ ቦታ የለህም?»

«ምን የሚል?»

«ተጠምተው ሳለ ከጉንጫቸው ቀንሰው ያጠጧት የሚል።»

ናሆም መርፌውን ጠረገ። «እሱ 'የተነካ' ነው። እንደዚያ ብዬ ብጽፍ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ለድንጋይ የሚተርፍ ውሃ ካላቸው ድርሻቸው እስከ ዛሬ ለምን አልተቀነሰም የሚል።» ተነሣ። «ተሽከርካሪው ፀሐይ እስኪጠግብ ተነጋገሩ። እኔ የምጽፈው የምትነግሪኝን ነው።»

በጣቢያው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። አንጓች የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

«ወንዙ ገደሉ ግርጌ አለ» አለ አያ ፈንታው። «አባቶቻችን ወርደው ይቀዱ ነበር።»

«አባቶቻችን ጉልበት ነበራቸው» አለች ይመኙሽ። «ወንዙም ወንዝ ነበር። አሁን ጨው ነው። ጧት ወርደሽ ስትመለሺ ፀሐይ ጠልቃለች፤ የያዝሽውንም መንገድ ላይ ትጨርሽዋለሽ።»

«ታዲያ ግንብ እንግባ ነው የምትዪ?»

«ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ አያ። አማቴን ለማን ሰጥቼ እንደምገባ ንገረኝና እገባለሁ።»

ትርንጎ ከግድግዳው ጥግ እጇን አነሣች፤ በሕይወቷ ስብሰባ ላይ እጅ ያነሣችበት ቀን ያ ብቻ ነበር። «'ነክተናል' በሏቸው» አለች። «እውነትም ነክተናል። እናንተ ወጣቶቹ ውሃ ትጠጣላችሁ። እኛንም እዚያ ማዶ ያጠጡናል፤ ግንብ ነው ይላሉ፣ ጥላ አለው። የሾላ በሯ የአክስቴ ልጅም እዚያ ናት፣ አገኛታለሁ።»

«የሾላ በሯ የአክስትሽ ልጅ አልደወለችም፣ እማ።»

«ስልክ ሳትችል ቀርታ ይሆናል።»

«ስልክ ትችል ነበር። አንቺንም ያስተማረችሽ እሷ ናት።»

ትርንጎ እጇን አወረደች። አንጓች ከዚያ በላይ ማንንም አልጠበቀችም። አሳብ አልሰበሰበችም፣ ድምፅ አላስቆጠረችም። ሁሉም ያላቸውን አሮጊትና ሽማግሌ አንድ በአንድ በዓይኗ አየች፤ የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር የሚል አስተያየት ነበር። ማንም አልተናገረም። ተነሥታ ወደ ተሽከርካሪው ሄደች።

«ምንጭ አለን» አለችው።

ናሆም ቀና ብሎ አያት። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ከጥንት የነበረ ምንጭ ነው። ጣፋጭ ነው። ጻፍ።»

ጻፈ። ሰሌዳው ድምፅ ሰጠ። ተሽከርካሪው ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ መጀመሪያ ሊነግራት ይገባ የነበረውን በመጨረሻ ነገራት። «ከላይ ያለው ዓይን ያን ስንጥቅ በየማለዳው ያየዋል። ከደረቀ ምንጩ ነጥፏል ተብሎ ይያዛል። የነጠፈ ምንጭ ያለው መሬት ደግሞ ...»

«ሞቷል» አለች አንጓች።

«ችካሎቹም እንዳሉ ይቆያሉ። ዱር ነውና።»

የራሱን የውሃ ኮዳ በመስኮቱ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ሄደ። ኮዳውን ለረጅም ጊዜ ማንም አላነሣውም። በመጨረሻ የይመኙሽ አማት እንድትጠጣው ተወሰነ።

በማግስቱ ጧት ሰዎች ከልማድ የተነሣ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ጣቢያው መጡ። መስታወቱ አልበራም። እጃቸውን ግን ዘረጉበት። እትዬ ይቅርታ ለመጨረሻ ጊዜ ተናገረች፤ «ራስዎን ስለቻሉ እንኳን ደስ አለዎ።» ከዚያ ቧንቧው ውስጥ የሆነ ነገር ወደ ታች ሲንሸራተት ተሰማና ጸጥ አለ።

አሁን የቀይ አፋፍ ቀን እንዲህ ነው። አቅም ያላቸው ጧት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ችካል በሌለበት በኩል፣ ወደ ገደሉ ግርጌ ይወርዳሉ፤ ከአሸዋው ሥር ጨዋማውን ውሃ ቆፍረው ይቀዳሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳሉ። ያመጡት በየቤቱ ይከፈላል። ሕፃናት ይቀድማሉ፣ ከዚያ የታመሙት፣ ከዚያ ሌላው። ከሁሉም በፊት ግን የድንጋዩ ይለያል። ዕቃ ከችካሉ ስለማያልፍ እያንዳንዱ ሰው በአፉ ይወስዳል። ላይ ያለው ዓይን ከማለፉ በፊት፣ በንጋት፣ መላው መንደር ጉንጩን ሞልቶ፣ እጁን ከጀርባው አጣምሮ በቀጭኑ መንገድ ላይ ይሰለፋል። በዚያ ሰልፍ የሚያወራ የለም። ልጆች እንኳ አይስቁም፤ የሳቀ ይውጣል። እያንዳንዱ ሰው በስንጥቁ ርዝመት የራሱ ቦታ አለው፤ ጎንበስ ብሎ እዚያ ያፈሳል፣ ወደ ጎን ወጥቶ በሌላው መንገድ ይመለሳል። እንዳሁላዋ የነበረችበት የትርንጎ ቦታ ነው። ማንም አልሰጣትም፣ ራሷ ወሰደችው።

ይህ ሲሆን ሳምንታት አለፉ። ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ ነው። የሽማግሌዎች ከንፈር ተሰነጣጠቀ፤ የአያ ፈንታው ፍየሎች ተሸጡ፣ የቀሩትም ታረዱ። አንጓች ከሰልፉ በየቀኑ ከእናቷ ቀጥላ ትቆማለች፤ መንገድ ላይ ብትወድቅ ለመያዝ፣ እጅ ማጣመሩ ቢቀር እንኳ።

ዛሬ ማለዳ ነው ያስተዋለችው። ከፊታቸው አያ ፈንታው ነበር። ጉንጮቹ እንደ ወትሮው ተወጥረዋል። ወደ ቦታው ደረሰ፣ ጎንበስ አለ፣ አፉን ከፈተ። ከድንጋዩ ላይ ቀይ አቧራ ብን ብሎ ተነሣ። ሰውየው ሌሎች የሚቆዩትን ያህል ጎንብሶ ቆየ፤ ከዚያ አፉን በትከሻው ጠርጎ፣ ማንንም ሳያይ፣ ወደ ጎን ወጣ።

አንጓች ስንጥቁን ተከትላ አየች። የይመኙሽ አማት ቦታ ደረቅ ነው። የአያ ፈንታው ደረቅ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ሦስት አራት ቦታዎች ጠርዛቸው መሰንጠቅ ጀምሯል። እዚህም እዚያም ጥቁር እርጥብ ነጠብጣብ ይታያል፤ ግን ትናንት ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መስሏት ነበር፤ ወይስ እንዲመስላት ፈልጋ ነበር።

ተራው የትርንጎ ሆነ። አሮጊቷ ጉልበቷን እየረዳች ዝቅ አለች። ጉንጮቿ ክብ ናቸው፣ እንደ ሕፃን። ከንፈሯን ለቀቀች። አቧራው ፊቷ ላይ ብን አለ፤ ዓይኗን ጨፈነች። ጎንብሳ ቆየች። ስትነሣ ዞር አለችና ልጇን አየች።

አንጓች አፏ ውስጥ ሙሉ ውሃ ነበራት። ሞቋል፣ ጨው ጨው ይላል፤ ምላሷ ሥር ተኝቶ ወደ ጉሮሮዋ መንገድ ይፈልጋል። መናገር አትችልም። ለትንሽ ጊዜ እንዲሁ ቆሙ፣ አንዷ በውሃ ተሞልታ፣ ሌላዋ ባዶ ሆና። ከዚያ አንጓች ራሷን ወደ መመለሻው መንገድ ነቀነቀች፤ ሂጂ፣ ሰልፉን አታቁሚ የሚል ነበር። ትርንጎ ሄደች።

አንጓች ጎንበስ አለች። መጀመሪያ በእናቷ ቦታ አፈሰሰች፣ በቁጠባ፣ በጥርሶቿ መካከል እያጠበበች። የተረፈውን በራሷ ቦታ ላይ ጣለች። ቀና ስትል ሰማዩ ነጥቷል፤ ከላይ ያለው ዓይን ሊያልፍ ነው። ከኋላዋ ይመኙሽ ጉንጮቿን ወጥራ ተራዋን ትጠብቃለች። አንጓች ውሃ ነው ወይስ አየር ብላ ጉንጮቹን ቀርባ አየቻቸው። በአፍንጫዋ የምትተነፍሰው እንዴት እንደሆነ፣ የአንገቷ ጅማት እንዴት እንደተወጠረ አየች፤ ከይመኙሽ ኋላ ያለውንም፣ ከእሱ ኋላ ያለችውንም፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ።

ለይመኙሽ ከመንገዱ ወጣችላት።